ከጎንደር እስከ ኢዮጴ፤ የአንድ ሰፋሪ ቤተሰብ የዘር ሐረግ



ይህችን ጽሑፍ ለዓመታዊ መጽሔታችን እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ከሁለት ዓመት በፊት በአንዲት እናታችን ቀብር ላይ የሆነው ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፤ ታስታውሱታላችሁ። አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል፤ ካህናቱ ተሰብስበዋል፤ ጥሩንባ ነፊያችንም ሥራውን ጨርሶ ከጥግ ቆሟል። መሪው ካህን ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የበኩር ልጅየው ወንድሙን፣ ወንድሙ ደግሞ እኅቱን አየ። መልስ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የእድሩ ጸሐፊ ነኝና መዝገቡ በእጄ ነው። ገለጥሁት። እኚህ እናት ከእድራችን ጋር የኖሩት ከአርባ ዓመት በላይ ነው። በየለቅሶው ሌሊት ተነሥተው ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ የኖሩ ሴት ናቸው። በመዝገባችን ላይ ግን የተገኘው «የአቶ እገሌ ባለቤት» የሚል ብቻ ሆነ፤ የክርስትና ስማቸው ቀርቶ የዓለም ስማቸውም አልተጻፈም። ደግነቱ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ከሴቶቹ መካከል ወጥተው ለካህኑ በጆሮ ነገሯቸውና ጸሎቱ ተጀመረ። እኔ ግን ያን ቀን ያፈርሁትን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ የዘር ሐረግ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። በትርፍ ጊዜዬ ስለ ድሮ ቤተሰቦች የተጻፈውን ሳገላብጥ የእኛ መዝገብ ጉድለት በትልልቁም መጽሐፍ ውስጥ ሲደገም አየሁ። ለዚህም ምሳሌ የሚሆን አንድ ቤተሰብ መርጬ አቀርብላችኋለሁ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ ከአውሮፓ መጥተው በአገራችን ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል የሆነው የዛንደርና የሆል ቤተሰብ ነው። ምነው የፈረንጅ ዘር መቁጠር አማረህ እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ስታነቡት የማን ዘር እንደሆነ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ደግሞም የእናቴ አገር ፋርጣ ስለሆነ ጋፋት የምትባለውን ቦታ በልጅነቴ አውቃታለሁ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ አቆጣጠራችን ጥቂት ላንሣ። ወጣቶቻችን ላታውቁት ትችላላችሁ እንጂ በፊት ለባላገሩ ዘር መቁጠር የእንጀራ ነገር ነበር። በጎጃምና በጎንደር አገር አንድን ቦታ መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። የእሱ ልጆች ምንዝር አባት ይባሉና መሬቱ በእነሱ ስም ይከፈላል። ከዚያ በታች ርስት እጠይቃለሁ የሚል ሁሉ ትውልዱን ከራሱ ጀምሮ እስከ ዋናው አባት ድረስ በቃሉ ቆጥሮ በሽማግሎች ፊት ማስመስከር አለበት። አንድ ስም ከመካከል ቢዘነጋ ክርክሩ ተበላሸ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ስምንትና ዘጠኝ ትውልድ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግመው ነበር።

በዚህ አቆጣጠር ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ሰውየው የሚቆጥረው በአባቱ በኩል ብቻ አይደለም። በእናቱም ይቆጥራል፤ በአያቱ እናትም ይቆጥራል፤ መንገዱ ወደ ዋናው አባት ያድርሰው እንጂ በወንድ ሄደ በሴት ሄደ ርስቱን አያስከለክለውም። ሰባት ቤት ሲቆጠርም እንዲሁ ነው። ልጅ ሊዳር ሲታሰብ ሽማግሎች በአባት ብቻ ቆጥረው ዝም አይሉም፤ የሁለቱንም ወገን እናቶች ያነሣሉ። ስለዚህ ስማችን በአባት ቢጠራም ዘራችን በእናትም ጭምር የሚቆጠር ሕዝብ ነን። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ በአዋጅ ሲታወጅ የርስት ክርክር አበቃ፤ ከክርክሩም ጋር ያ ሁሉ የቃል ትምህርት ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄደ። የአዋጁን መልካምነት ወይም ክፋት እዚህ ላይ አላነሣም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ የአያቱን እናት ስም በቃሉ መያዝ ለማንም ዳቦ አላበላውም።

እንግዲህ ወደ ቤተሰቡ ልግባ።

ኤድዋርድ ዛንደር በጀርመን አገር አንሃልት በሚባለው ግዛት በ1813 የተወለደ ሠዓሊ ነበር። ወደ አገራችን የመጣው በ1847 ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ከ1837 ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ኢትዮጵያዊት አግብቶ በ1878 እስኪሞት ድረስ ኑሮውን እዚሁ አደረገ። በዚያን ጊዜ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። (የአዲስ አበባው ደጃች ውቤ ሰፈር በእኚህ ስም የተጠራ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም፤ እሱ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው።) ደጃች ውቤ እጀ ብልህ የሆነ ሰው ይወዱ ነበርና ዛንደርን አስጠጉት። በሰሜን፣ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩ ሺምፐርና ዛንደር በሥራው ላይ ነበሩበት።

ደጃች ውቤ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በውስጧ ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል። እግዚአብሔር ያለው ግን ሌላ ነበር። በየካቲት 1855 ደጃች ካሣ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በሁለተኛው ቀን አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው ቀቧቸው። ደጃች ውቤ በደገሱት ድግስ ሌላ ሰው ተጋበዘበት ማለት ነው። ዛንደርም ጌታው ሲወድቅ ለአዲሱ ንጉሥ ገባ፤ እስከ መጨረሻውም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ኖረ።

ዛንደር እዚህ አገር ሚስት ነበረችው። ወይዘሮይቱ በጎንደር ከቤተ መንግሥት ሰዎች ወገን እንደነበሩና እሴተ ወርቅ እንደሚባሉ ተጽፎ ይገኛል። ሴት ልጅም በ1850 ወለዱ። ይህች ልጅ በአውሮፓ መጻሕፍት ካታሪና ትባላለች፤ ከጎኑ ደግሞ «ወለተ ኢየሱስ» የሚል ስም ተጽፎላታል።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም። ፈረንጆቹ ወለተ ኢየሱስን የአገር ቤት ስሟ ነው ብለው ይወስዱታል። እኛ ግን ስናነበው ከዚያ የበለጠ ነገር ይነግረናል። ወለተ ኢየሱስ የክርስትና ስም ነው። ካህን ሕፃኒቱን በሰማንያኛው ቀን ሲያጠምቃት የሚያወጣው ስም እንጂ እናት ልጇን ከጓሮ የምትጠራበት ስም አይደለም። ስለዚህ እሴተ ወርቅ ልጃቸውን በአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስጠምቀዋታል ብንል ከእውነት አንርቅም። ያ በቀብሩ ቀን ካህኑ የጠየቁንና እኛ መመለስ ያቃተን ስም፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ለተወለደችው ለዛንደር ልጅ ተጽፎላት እስከ ዛሬ ይገኛል። እናቷ በምን ስም ትጠራት እንደነበር ግን፣ አበባ ይሁን ጥሩነሽ፣ አላገኘሁም። የኛይቱ እናታችን መዝገብ ደግሞ ሁለቱንም አልያዘ!

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራ መንደር ነበረች። በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ፣ ቅድስት ክሪሾና ከሚባል የወንጌል ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች፣ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን የሚባሉት፣ እዚያ ሰፈሩ። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ቢሉ ሞክሩ ተባሉ። ሞክረው ሞክረው በመጨረሻ ተሳካላቸው። በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ትልቁ መድፍ ተሠራ። ምስሉን በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ሁላችንም እናየዋለን፤ ዋናው ግን መቅደላ አምባ ላይ ነው።

ከመድፍ ሠሪዎቹ መካከል ሞሪትዝ ሆል የሚባል ሰው ነበር። በ1838 የተወለደ፣ ከፖላንድ ከክራኮው ከተማ የመጣ አይሁዳዊ ሲሆን በኋላ ክርስቲያን ሆኗል። ይህ ሰው ወለተ ኢየሱስን አገባ። ንጉሡ የውጭ አገር ባለሙያዎች ትዳር ይዘው እንዲቀመጡላቸው ይወዱ ነበር፤ የአገር ልጅ ያገባ ሰው ወደ አገሩ ለመመለስ አይቸኩልም ብለው ይሆናል። እንግዲህ ሐረጉ እዚህ ላይ እንዴት እንደተጠላለፈ ተመልከቱ፤ ከአንሃልት የመጣ ሠዓሊ፣ ከጎንደር የወጡ ወይዘሮ፣ ከክራኮው የመጣ አይሁዳዊ፣ ሁሉም በአንድ ጎጆ ጣራ ሥር።

ጋፋት ውስጥ ሌላም እንዲህ ያለ ቤት ነበረ። ጆን ቤል የሚባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ በመጀመሪያ ለራስ ዓሊ፣ ኋላም ለዐፄ ቴዎድሮስ ያደረ ነው። ንጉሡ ሊቀ መኳስ አደረጉት። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላት ንጉሡን ከሌላው እንዳይለይ የሚያደርግ ሹም ነው፤ በአጭሩ ለጌታው ጥይት የሚቀበል ሰው ነው። ቤልም በ1860 እንዲሁ ሆኖ ሞተ። ወዳጁን ቆንስል ፕላውደንን የገደለውን ጋረድን በውጊያ ላይ ገድሎ እሱም ወዲያው ተገደለ። ቤል ወይዘሮ ወርቅነሽ የሚባሉ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ነበሩት። ከሴቶቹ ልጆች ሱዛን የምትባለውን ዋልድማየር፣ ሌላይቱን ዛልሙለር አገቧቸው። እንግዲህ የጋፋት ሰፈር በሙሉ በኢትዮጵያውያት እናቶች ልጆች የተያያዘ አማች ለአማች ሆኖ ነበር።

የዐፄ ቴዎድሮስና የእንግሊዞች ጠብ እንዴት እንደተነሣ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ስድስት ወር ያህል ገደል እየተቆረጠለት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት ተጎተተ። የጋፋት ሰዎችም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አብረው ተጓዙ። ወለተ ኢየሱስ በዚያ ጉዞ ላይ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ልጅ የተወለደችላት በዚያው በመቅደላው ዓመት በ1868 ነው። በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው ልጅቱ የተወለደችው በጦርነቱ መካከል ነው ተብሎ ነው። ስሟንም በአምባው ስም መግደሌና አሏት፤ ፈረንጆቹ መቅደላን ማግዳላ ስለሚሉት ስሙ ለሁለቱም ገጠመላቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ፤ አምባው ተያዘ።

ከዚያ የጄኔራል ናፒር ጦር ሲመለስ እስረኞቹና የጋፋት ሰዎች ከነቤተሰባቸው ወደ ባሕር ወረዱ። በዚያው ጉዞ ውስጥ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩ ወርቅ ጋር ነበረ። እቴጌ ጥሩ ወርቅ የደጃች ውቤ ልጅ ናቸው፤ የዛንደር የመጀመሪያ ጌታ ልጅ ማለት ነው። በመንገድ ላይ ታመው አረፉና ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ዓለማየሁ ያለ እናት እንግሊዝ አገር ደርሶ በ1879 በዚያው ሞተ። ሽማግሌው ዛንደርም ያንኑ ዓመት አላለፈውም፤ በ1868 አረፈ። ከአንድ አምባ የወረዱት ሁለቱ ሕፃናት፣ የንጉሡ ልጅና የመድፍ ሠሪው ልጅ፣ ዕጣቸው እንዲህ ተለያየ። የንጉሡ ልጅ ዘር አልተካም። የመግደሌናን ደግሞ እነሆ።

ሞሪትዝ ሆልና ወለተ ኢየሱስ በፍልስጥኤም፣ ያፋ በምትባለው የባሕር ወደብ ተቀመጡ። መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የሚላት ናት፤ ነቢዩ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ለመሸሽ መርከብ የተሳፈረባት። እዚያ ብዙ ልጆች አሳደጉ። ሆል በ1914 ሲሞት ወለተ ኢየሱስ ግን እስከ 1932 ድረስ ኖረች። ጎንደርን በአሥራ ስምንት ዓመቷ የተለየች ሴት ሰማንያ ዓመት አልፏት ሞተች ማለት ነው። በያፋ ስትኖር ዶሮ ወጥ ትሠራ ነበር ወይ፣ ልጆቿን በአማርኛ ታባብል ነበር ወይ እያልሁ አስባለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አይጽፈውም፤ የሚጻፈው የመድፉ ክብደት ነው።

መግደሌና ስታድግ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል የሩሲያ መኳንንት ዘር አገባት። ይህ ሰው ከአገሩ ሃይማኖት ወጥቶ ፕሮቴስታንት የሆነ፣ ዜግነቱንም ወደ ጀርመን የለወጠ፣ ያፋ ላይ ሆቴልና ትልቅ የአትክልት ቦታ የነበረው ሀብታም ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም በ1898 ኢየሩሳሌምን ሊጎበኙ ሲመጡ እዚያ ሆቴል ዐርፈዋል። ጥንታዊ ዕቃም ይሰበስብ ነበር፤ ስብስቡ ዛሬ በኖርዌይ፣ ኦስሎ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ። ስሙን ከከተማዋ ነቢይ ከዮናስ እንደወሰዱት ግልጽ ነው። ዮናና ወንድሙ ጴጥሮስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተሰለፉ፤ ጴጥሮስ በ1917 ተገደለ። ዮና ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቹን ፍለጋ ወደ ሩሲያ ሄዶ እዚያ ናድያ ቤንዋ የምትባል ሠዓሊት አገባ። በ1921 ለንደን ላይ ወንድ ልጅ ተወለደላቸውና በሞተው አጎቱ ስም ፒተር አሉት። ይህ ልጅ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ያወቀው የፊልም ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። «ኮ ቫዲስ» በሚለው ፊልም ኔሮን ሆኖ የሠራው፣ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው፣ ለብዙ ዓመታትም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር የነበረው ማለት ነው። በ2004 አረፈ። ከእኛ መካከል በሲኒማ ቤት አይተነው በሳቅ የፈረስን አንጠፋም፤ የጎንደር ልጅ የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑን ግን ማን ነግሮን!

አሁን የ1935ን ዓመት ልብ በሉልኝ። ዮና በዚያን ጊዜ ለንደን በሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ጋዜጠኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጀርመንን የያዙት ናዚዎች የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ዘሩን ይቁጠር፣ አይሁዳዊ ደም እንደሌለበት ያስመስክር አሉ። ዮና አላደርገውም አለ። እንዴት ያደርገዋል? የእናቱ አባት የክራኮው አይሁዳዊ ነው፤ የእናቱ እናት ደግሞ ከጎንደር ናት። ሥራውን ትቶ እንግሊዛዊ ሆነና ለእንግሊዝ መንግሥት በምሥጢር ሠራተኛነት ናዚዎችን ተዋጋቸው። በዚያው ዓመት አጎቱ፣ የመግደሌና ወንድም ዴቪድ ሆል፣ በእናቱ አገር በኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ነበረ። ጣልያን ሊወረን ጦሩን ሲያከማች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሣሪያ እንዲገዛ ወደ በርሊን ላኩት፤ እሱም ጠመንጃና ጥይት አስገኝቶ ተመለሰ። የወለተ ኢየሱስ የልጅ ልጅ ለንደን ላይ ዘርህን ቁጠር ሲባል፣ ልጇ በርሊን ላይ ለእናቱ አገር ጥይት ይለምናል። በአንድ ዓመት!

ከዚህ የምንማረው አለ ብዬ አላስተምራችሁም፤ ብቻ ዘር መቁጠር እንደ ቆጣሪው ነው። ባላገሩ ሲቆጥር ሰው ወደ ርስቱ እንዲገባ ነው፤ እነዚያ ሲቆጥሩ ሰው ከሥራውና ከአገሩ እንዲወጣ ነበር።

እስቲ እኛ ደግሞ በአገራችን ሥርዓት እንቁጠረው። እሴተ ወርቅ ወለተ ኢየሱስን ወለደች፤ ወለተ ኢየሱስ መግደሌናን ወለደች፤ መግደሌና ዮናን ወለደች፤ ዮና ፒተርን ወለደ። አምስት ቤት። የፒተር አራት ልጆች ስድስተኛው ቤት ናቸው። የእነሱ ልጆች ሰባተኛው ይሆናሉ። አንድ የርስት ሽማግሌ ይህን ቢሰማ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሦስት ሴት ተከታትለው መምጣታቸው ሳያስገርመው፣ «ይገባሃል» ይል ነበር። በፈረንጅ አጻጻፍ ግን ሐረጉ የሚጀምረው ከዛንደር ነው፤ እሴተ ወርቅ በአንድ መስመር ላይ ብቅ ብላ ትጠፋለች። አባቷ ማን እንደነበሩ፣ ከየት መንደር እንደመጣች፣ የት እንደተቀበረች ያገኘሁት የለም። የወይዘሮ ወርቅነሽም ነገር እንዲሁ ነው፤ በብዙ ቦታ «አንዲት ኢትዮጵያዊት» ተብለው ያልፋሉ። አማቻቸው ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ከሱዛን ጋር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 ብሩማና ላይ እስከ ዛሬ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ኋላም አስፉሪየ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በ1915 ሞተ። የራሱን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፏልና ስሙ ይነሣል፤ አብራው ባሕር የተሻገረችው የወርቅነሽ ልጅ ግን በሌላው መጽሐፍ «ሚስቱ» ብቻ ናት። «የአቶ እገሌ ባለቤት» የሚለው የእኛ መዝገብ ትዝ አላችሁ?

አንድ ነገር በቅንነት ልናገር። በኡስቲኖቭ ቤተሰብ ዘንድ ከኢትዮጵያ የንጉሥ ዘር አለን የሚል ቃል ሲነገር ኖሯል። ፒተርም ደስ እያለው ያወራው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር በጥንቃቄ ነው የምሰማው። እኛም ብንሆን ዘር ስንቆጥር ከላይ ስንደርስ ሁላችንም ደጃዝማች ነን፤ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ የወለደው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የእሴተ ወርቅ ከቤተ መንግሥት ወገን መሆን ያልሁት ተጽፎ ስላለ ነው፤ ከንጉሥ ያገናኛት ማስረጃ ግን አላየሁም። ደግሞስ የግድ ልዕልት መሆን አለባት እንዴ? ጠጅ ጣይም ብትሆን ያው የሰባት ቤት እናት ናት።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባኤያችን ስለ መዝገቡ ያቀረብሁት ሐሳብ ተቀባይነት ማግኘቱን ታስታውሳላችሁ። በአዲሱ ቅጽ ላይ የባልም የሚስትም ሙሉ ስም፣ የሁለቱም እናት ስም፣ የሁለቱም ሴት አያቶች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሥራው እንዳሰብሁት ቀላል አልሆነም። አንዳንድ አባቶች «የሴት አያቴ ስም ለእድር ምን ያደርጋል?» ብለውኛል። አንድ ጋሼ ደግሞ የእናታቸውን ስም ተናግረው የባለቤታቸውን እናት ስም ስጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው «አንቺ፣ እናትሽ ማን ነበሩ?» ሲሉ እኔም አብሬ አፈርሁ። አምሳ ዓመት አብረው ኖረዋል።

የክርስትና ስም ነገር ደግሞ ሌላ ችግር ሆነ። ብዙ እናቶች የክርስትና ስማቸውን ለማንም መናገር አይወዱም፤ ክፉ ሰው ቢያውቀው መድኃኒት ይደረግበታል ይላሉ። እኔ በበኩሌ አላምንበትም፤ ግን የሰው ፍርሃት አይናቅም። ስለዚህ የክርስትና ስም በመዝገቡ ላይ አይጻፍም። የፈለገ ሰው በትንሽ ወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ በላዩ ላይ የቤት ቁጥሩን ጽፎ ይሰጠናል። ፖስታው በእድሩ ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የሚከፈተውም ጥሩንባ በተነፋ ዕለት ብቻ ነው። ሙስሊም አባሎቻችንን ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናትና የአያት ስሙ ግን እናንተንም ይመለከታል።

የራሴን ቅጽ ሳልሞላ የሰው እየሞላሁ ነው ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ የእኔ አሁንም አላለቀም። እናቴን ጽፌያለሁ፤ የእናቴን እናት ጽፌያለሁ። የአባቴ እናት ላይ ስደርስ የማውቀው «እምዬ» ሲሏት ብቻ ነው፤ ሁላችንም እምዬ ነበር የምንላት፤ ሌላ ስም እንዳላት ልጅ ሆኜ አስቤም አላውቅ። ከእሷ ጋር የኖሩ አንዲት አክስቴ በደብረ ታቦር በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ይሰማል። ለትንሣኤ በዓል ወደዚያው እወርዳለሁ።

ያልሞላችሁ አባላት ቅጹ እኔ ዘንድና በገንዘብ ያዣችን ቤት ይገኛል። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

የእድሩ ጸሐፊ